ነፋሱ የት ያድራል?

ዛሬም የነጋልን በአንድ እግር ካልሲ ነው፤
ሌላኛው ጠፍቷል፣ የት እንደገባ ማን አየው።
የአልጋውን ሥር ጠርጌ፣ ትራሱን ገልብጬ፣
በጉልበቴ ዳኽኩ፣ የትናንት ፍርፋሪ ረግጬ፤
ቪሴንቴ፣ የሁለት ዓመት ጌታ፣ ከበላዬ ቆሞ
እንደ ዳኛ ያየኛል፤ ይስቅብኛል ደግሞ።

«ሰማያዊው ኩባያ!» አለ። ሰማያዊው አልታጠበም፤
ቀዩ አለ፣ ንጹሕ ሆኖ፤ እሱ ግን ቀዩን አይወድም፤
ወረወረው። ቢጫውን ስሰጠው ተኛ፣
ወለሉ ላይ፣ በግንባሩ፣ ይግባኝ እንዳጣ እስረኛ።
ሰማያዊውን አጠብኩለት፤ ወተቱን ቀዳሁለት፤
አየው። አሰበ። «ቀዩን!» አለኝ በድንገት።

ያስና አልገባችም ገና፤ የሌሊት ተረኛ ናት፤
የሰው ልጅ ስትቀበል፣ የራሷ ተኝተው ነጋባት።
በማቀዝቀዣው በር ላይ ወረቀት ለጥፋልኛለች፦
«ሹራብ፣ ኮፍያ፣ ጓንት። ሳል ካለ ሽሮፕ» ትላለች፤
ከሥሩ፣ በትንሹ፣ «አትቆጣቸው» ብላለች።

ማይቴ፣ የአምስት ዓመቷ፣ በሩ ጋ ናት፣ ጫማዋን አጥልቃ፣
ግራውን በቀኝ፤ ሥዕሏን ይዛለች አጥብቃ።
ትናንት ማታ የሣለችው፦ እናት፣ አባት፣ ሁለት ልጅ፤
ውሻ የለንም፣ ውሻ አለ፤ ቤቱም አለው ሦስት ደጅ።
የእኔ እጆች መሬት ይነካሉ። «ምነው እንዲህ ረዘሙ?»
«ወረቀቱ ገና ነበር» አለችኝ፤ «ለምን ይቁሙ?»

እዚህ ፑንታ አሬናስ፣ ጥቅምት ገባ ሲባል፣
ከተማውን የሚገዛው ነፋሱ ነው ቢባል
ሐሰት አይደለም። የመንገዱ ጠርዝ ላይ ገመድ ይታሰራል፤
ዳኛውም፣ ዓሣ ሻጩም ያን ይዞ ይሻገራል።

ልጁን ካፖርቴ ውስጥ ሸጉጬ፣ በአንድ እጄ ገመዱን ይዤ፣
በሌላው እሷን እየጎተትኩ፣
«ቶሎ በይ! ሁልጊዜ የምንዘገየው በአንቺ ነው!» አልኩ።
ኮፍያ የሚነጥቅ፣ ጣራ የሚገነጥል ነፋስ
ያን አንድ ዓረፍተ ነገር
ሳይነካ ትቶልኝ ሄደ።

ዐይኗን ልትጠርግ ይሁን፣ ኮፍያዋን ልትስብ፣ አላውቅም፤
ጣቶቿ ላሉ። ሥዕሉ ተነሣ።
ከፋርማሲው ማስታወቂያ በላይ፣ ከቀዩ ጣራ በላይ፣
ውሻው፣ ሦስቱ ደጅ፣ የእኔ ረጃጅም እጆች፣
ወደ ባሕሩ።

ለቅሶዋን ጠበቅሁ።
እሷ ግን እንግዳ እንደሚሸኝ ሰው እጇን አወዛወዘች።
«አባዬ፣ ማታ ነፋሱ የት ያድራል?»
«እኔ እንጃ።»
«ግድግዳ ካለው ይለጥፈዋል» አለችና
መንገዷን ቀጠለች።

መምህርት ሉስሚራ የቪሴንቴን ቦት ስታወልቅ
ባዶ እግር ብቅ አለ፣ እንደ አዲስ ድንች።
እግሩን አየች፤ እኔን አየች።
«ነፋሱ ወሰደው» አልኳት።
እዚህ አገር ይህ ምክንያት ይበቃል።

አራት ሰዓት ላይ፣ መርከብ ጥገናው ግቢ፣
መፍቻ ፍለጋ እጄን ኪሴ ስከት
ለስላሳ ነገር ያዝኩ።
ካልሲው።
ማለዳ ራሴ ነበርኩ የከተትኩት፣ እንዳይጠፋ ብዬ።
በተገለበጠ ጀልባ ላይ ትንሽ ተቀመጥኩ።
ኦስቫልዶ «ምን ሆንክ?» አለኝ።
«ምንም» አልኩት፤ «ተገኘ።»

ማታ ያስና ቤት ናት፤ ሶፋው ላይ፣
ሹካዋን እንደያዘች እንቅልፍ ወስዷታል።
ቪሴንቴ ጎኔን በተረከዙ እየደቃ ተኝቷል።
መስኮቱ ይንቀጠቀጣል።
«ጠዋት ጮኼብሽ ነበር» አልኳት ማይቴን።
«አዎ» አለች።
«ምንም አይደል» አላለችም፤ እኔም አልለመንኳት።

ቆይታ፣ ዐይኗ ሊከደን ሲል፣
«አሁንስ ቤቱ ገባ?»
አዳመጥኩ። ቆርቆሮው ላይ ይዳክራል፤ በር በሩን ይነካካል።
«ገና ነው» አልኳት፤
«ካልሲውን እየፈለገ ነው።»